ባሕር ዳር መሀል ከተማ አሮጌ ግቢ ገዝቶ መኖርና ማከራየት፦ ምን ምን ይታይ?

ከማርቆስ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ጎበዝ። ባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው መንገድ አንድ መታጠፊያ ገባ ብሎ ለሽያጭ የቀረበ ግቢ አለ። ስፋቱ 220 ካሬ ነው ተብሏል። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው፣ ካርታ አለው። ውስጡ ሦስት ክፍል የጭቃ ዋና ቤትና በብሎኬት የተሠሩ አራት ሰርቪሶች አሉ። ጥግ ላይ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት አለ፤ ሰው ይኖርበታል፣ መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ነው። የተጠየቀው 9 ሚሊዮን ብር ነው። የሚሸጠው ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን ውክልና የያዘ ወንድሙ ነው።

ሐሳቡ ዋናው ቤት ውስጥ እየኖሩ ሰርቪሶቹን ማከራየት፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጭቃውን አፍርሶ ጂ+1 መሥራት ነው። ሰርቪሶቹ አሁን እያንዳንዳቸው በወር 4,000 ብር ይከራያሉ። ዋናው ቤት ቢከራይ 10,000 ያወጣል ይላሉ።

ማወቅ የሚያስፈልገው፦ ከወረቀቱ በኩል ምን ይመርመር? መሬቱ ውሃ ያዘለ ነው የሚባለው እውነት ነው? በዚህ ዋጋስ ያዋጣል ወይስ ዓባይ ማዶ ወይም ኮንዶሚኒየም ይሻላል? ደላላው እስከ ዓርብ 500 ሺህ ቀብድ ካልተከፈለ ሌላ ገዢ አለ እያለ ነው።

---

ሰነድ መርማሪ

የዓርቡን ቀጠሮ ይተዉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በቤት ግዢ ላይ ይህ አባባል ብዙ ሚሊዮን ብር ያወጣል።

ቀብድ የራሱ ሕግ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ዛሬ 500 ሺህ ከፍለው በሚቀጥለው ሳምንት የማይሆን ነገር አግኝተው ቢመለሱ ገንዘቡ ለሻጩ ይቀራል። የግድ ቀብድ ይያዝ ከተባለ መጠኑን አሳንሱትና በጽሑፉ ላይ እነዚህ ሦስት ነገሮች ይግቡ፦ ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘ፣ ውክልናው ለመሸጥ የማያበቃ ከሆነ፣ ቦታው ሲለካ ከካርታው ካነሰ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ይቁጠሩት።

አሁን ወደ ውክልናው። ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም የሚያሰጋው ይህ ነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም። በሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ስም ለማዛወር፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉት ቃላት በግልጽ መነበብ አለባቸው። «ለመሸጥ» ተጽፎ «ገንዘብ ለመቀበል» የቀረበትም አለ፤ ያኔ ክፍያው በባለቤቱ ሒሳብ ይግባ እንጂ ለወኪሉ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ከአምስት ዓመት በፊት የተሰጠ ውክልና ይዞ የሚመጣ ወንድም ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን ማሳየት አለበት። በስልክ በምስል ማነጋገር ሕጋዊ ማስረጃ ባይሆንም አንድ ነገር ያረጋግጥልዎታል። ሦስተኛ፣ ውክልናው የተሰጠበት ጽሕፈት ቤት ድረስ ቁጥሩንና ቀኑን ይዘው ሄደው እንዳልተሻረ ያስጠይቁ። ኮፒው ላይ ያለው ማኅተም መሻሩን አይነግርዎትም። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ሻጮቹ ወራሾቹ ናቸው፤ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ መፈረም አለበት፤ ውጭ አገር ያለችው እህት ጭምር።

የባለቤቱ የጋብቻ ሁኔታም አለ። ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ካልተስማማ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። ካርታው በአንድ ሰው ስም መሆኑ የግል ንብረት ነው ማለት አይደለም። ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ወክለው ይሁን፤ ካልሆነ ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ይምጣ።

የቀበሌ ቤቱ ነገር፦ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙ የመሀል ከተማ ግቢ እንዲህ ተቆራርጦ ቀርቷል። ዋናው ቤት ለባለቤቱ ተትቶለት ጥጉ ላይ ያለው ክፍል የመንግሥት ይሆናል። ያቺን ክፍል ማንም ሊሸጥልዎት አይችልም። ዋናው ጥያቄ 220 ካሬው እሷን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር የሚለው ነው። ክፍለ ከተማው ካለው ማኅደር ካርታውን ያውጡና ከቀያሽ ጋር ቦታው ላይ ይለኩ። በሜትር የሚለኩ ከሆነ አራቱን ጎን ብቻ አይለኩ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ሰያፍም ይለኩ። አራት ጎኑ ትክክል ሆኖ ቅርጹ የተጣመመ ግቢ ስፋቱ ያንሳል። የጋራ መጸዳጃውና የመግቢያው መተላለፊያ በማን ይዞታ ውስጥ እንዳለ በዚያው ይታያል።

ነባር ይዞታ ስለሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ እንደሚገባ ይደነግጋል። ሻጩ ሲከፍል የኖረው ትንሽ የቦታ ኪራይ ለእርስዎ አይቀጥልም። የሊዝ ሒሳቡ በካሬ ስንት እንደሚመጣ ውል ከመፈረምዎ በፊት ከክፍለ ከተማው አስሰልተው ከ9 ሚሊዮኑ ላይ ይደምሩት። የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው።

ክፍያው እንዲህ ቢሄድ ይሻላል። በጠዋት የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይውጣ፤ በዚያው ቀን ውልና ማስረጃ ውሉ ይጽደቅ፤ ሲፒኦው (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) እዚያው ይሰጥ። ማጣሪያው ከወጣ ሳምንት ካለፈው አዲስ ይጠይቁ፤ በመሀል ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ሊያግደው ይችላል። ከዋጋው 10 በመቶ ያህል ስም እስኪዞር ድረስ በእጅዎ ይቆይ፤ ይህም በውሉ ይጻፍ። የመብራት፣ የውሃና የቦታ ግብር ደረሰኝ ከሻጩ ይቀበሉ። በቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል ብቻውን አይበቃም፤ በሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው ክፍል መመዝገብ አለበት።

ደላላው «ለቴምብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ብለን እንጻፍ» ይል ይሆናል። አይስማሙ። የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። ይህን ለማዳን ብለው ዋጋውን ዝቅ ካደረጉ፣ ነገ ውሉ በፍርድ ቤት ቢፈርስ የሚመለስልዎት ወረቀቱ ላይ ያለው 3 ሚሊዮን ነው።

---

ዋልካና ጥቁር ድንጋይ

ሰነድ መርማሪ ወረቀቱን ጥሩ አድርጎ አይቶታል። እኔ ስለ መሬቱና ስለ ቤቱ ልመልስ።

«ውሃ ያዘለ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። የባሕር ዳር አፈር ከግቢ ግቢ ይለያያል። አንዱ ጋ ግማሽ ሜትር ሳይቆፈር ጥቁር ድንጋይ ይወጣል፤ ሁለት ቤት አልፎ ሁለት ሜትር ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ይሆናል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ጣና ደግሞ ከእግሩ ሥር አለ። በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሐይቁ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያበቃ መስከረም ላይ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቆጣጠሪያ ስለተሠራ የሐይቁ ከፍታ በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በበሮቹ አከፋፈትም ይወሰናል። ስለዚህ ግቢውን የሚያይ ሰው በግንቦት አይቶ አይመለስ። ግንቦት ላይ ደርቆ ያየኸው ጉድጓድ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውሃው እስከ ጉልበት ሊመጣ ይችላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሻጩን አስፈቅደህ ከዋናው ቤት ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፍር። በየግማሽ ሜትሩ የአፈሩን ቀለም ተመልከት። እርጥቡን በእጅህ ጠፍጥፈህ ኳስ አድርገው፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ከተሰነጠቀ ዋልካ ነው። ጉድጓዱን ሸፍነህ 24 ሰዓት ተወው፤ በማግስቱ ውሃው የት ላይ እንደቆመ ለካ። የቁፋሮው ዋጋ ከ9 ሚሊዮን አንጻር ምንም አይደለም። ጂ+1 የሚሠራ ሰው በኋላ የአፈር ምርመራ ማሠራቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ለመግዛት ለመወሰን ይበቃል።

ዋልካ ከሆነ ችግሩ በክረምት ማበጡ፣ በበጋ መሸሹ ነው። ጎረቤቶችህን በሚያዝያ ሄደህ መሬታቸውን ብታይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛለህ። ቤቱ ላይ የሚታየው ደግሞ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ሦስት ቦታ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ጂፕሰም ለጥፈህ ቀኑን ጻፍበት። ጂፕሰሟ ከተሰበረች ቤቱ ገና እየሄደ ነው። ስንጥቁ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካየህ ደግሞ ጠይቅ።

የጭቃ ቤቱን በተመለከተ፣ ጭቃው ችግር አይደለም፤ እንጨቱ ነው። ምስጥ ቋሚውን ከመሬት ጋር ከሚገናኝበት ጀምሮ ይበላዋል፤ ከላይ ሲታይ ግን ሙሉ ይመስላል። ጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢት) ይዘህ ጥግ ላይ ካለው ቋሚ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለህ ውጋው። ጫፉ ሳይቸገር ሁለት ሴንቲ ከገባ ቋሚው አልቋል። አራቱም ጥግ እንደዚያ ከሆነ ቤቱን ለሦስት ዓመት መኖሪያ ብለህ አትመን፤ ለዋጋ መደራደሪያ ብቻ አድርገው።

በሰርቪሶቹ ላይ ፎቅ መጨመር የሚባል ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ይውጣ። ብሎኬት መሙያ ነው እንጂ ተሸካሚ አይደለም። አብዛኛው ሰርቪስ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እና ግሬድ ቢም (ምሰሶዎቹን ከሥር የሚያስር አርማታ) የለውም።

ጂ+1 ሲሠራ ዋልካው በጠቅላላ ተጠርጎ ይውጣ፤ ካልሆነም ፉቲንጉ (የምሰሶው መሠረት) እስከ ድንጋዩ ይውረድ። የተነሣው ቦታ በገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት መሙያ አፈር) ይሞላ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያጠፋው ገረጋንቲውን አንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ ማስረገጥ ነው። ታችኛው ላላ እንዳለ ይቀርና የወለሉ ሊሾ በሁለተኛው ክረምት ይወርዳል። 20 ሴንቲ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይረገጥ። ውሃ ልኩን (የቤቱን ወለል ከፍታ) ከመንገዱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው፤ መሀል ከተማ ኮብል ወይም አስፋልት በተነጠፈ ቁጥር መንገዱ ከፍ፣ ግቢው ዝቅ እያለ ይሄዳል። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ይነጠፍ፤ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወጥቶ በቱቦ ወደ ቦይ ይሂድ። ለግድግዳ የቀረበ ባሕር ዛፍ ካለ ይነሣ፤ ዋልካውን እየመጠጠ መሠረቱን ያስለቅቃል።

ሴፕቲክ (የመጸዳጃ ፍሳሽ ጉድጓድ) ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ሰፈር ኑሮን የሚያበላሸው ይህ ነው። ውሃ ከፍ በሚልበት ቦታ የመምጠጫ ጉድጓድ አይሠራም። ክረምት ላይ ፍሳሹ ወደ መሬት ከመግባት ይልቅ የመሬቱ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ መጸዳጃውም ወደ ኋላ ይመልሳል። ለአሥር ሰው ከሦስት እስከ አራት ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ በሁለት ክፍል የተከፈለ፣ ወለሉም ግድግዳውም ውሃ የማያሳልፍ አርማታ ይሁን። ሲሞላ በመኪና ይመጠጣል። ስለዚህ መግቢያህ ለመኪናው ቢያንስ ሦስት ሜትር ካልሰፋ፣ ወይም ጉድጓዱ ቱቦ ሊደርስ ከማይችልበት ጥግ ከተሠራ ተይዘሃል። በግቢው የውሃ ጉድጓድ ካለ ከሴፕቲኩ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ በ220 ካሬ ውስጥ ይህ አይቻልም፤ ስለዚህ የጉድጓዱ ውሃ ለመጠጥ አይሁን። የጎረቤትህን መጸዳጃም ቁጠር እንጂ የአንተን ብቻ አትይ።

ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋ ሮቶ ያስፈልጋል። ስምንት ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው፤ የ2,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያዘልቃል። ሲሞላ ሁለት ቶን መሆኑን አትርሳ፤ በሰርቪስ ቆርቆሮ ላይ አይቀመጥም፤ የራሱ የአርማታ ወይም የብረት ማማ ይሠራለት።

መብራቱ፦ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ላይ ካለ ምጣዱን አስብ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። ሁለት ሰው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲጋግር መስመሩ ይግላል። ለምጣድ የሚሄደው ሽቦ 4 ካሬ ሚሊ ይሁን፤ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ወይ ደግሞ አንድ የምጣድ ክፍል ለይተህ በተራ ይጋግሩ።

በመስከረምና በኅዳር መካከል ወባ አለ። ለእያንዳንዱ መስኮት ወንፊት አስገባ፤ የሮቶውን ክዳን ዝጋ፤ በግንባታ ጊዜ ለብሎኬት ማጠጫ የተቆፈረ ጉድጓድ ክፍቱን አይደር።

---

የጣና ዳር

ስለ ዋጋው ልጨምር። ጠያቂው የሰጠው ቁጥር እንዲህ ይሆናል። አራት ሰርቪስ 16,000፣ ዋናው ቤት 10,000፤ በጠቅላላው በወር 26,000። ተከራይ በሚለዋወጥበት ጊዜ አንድ ወር ባዶ ይሆናል ብለን በ11 ወር ብናሰላ 286,000። ለጥገና 10 በመቶ ብናነሣ 257,400 ይቀራል። ከግብር በፊት ማለት ነው። ለ9 ሚሊዮኑ ሲካፈል 3 በመቶ አይሞላም። ያው 9 ሚሊዮን በባንክ ቁጠባ በዝቅተኛው 7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 630,000 ያመጣል። ዋናው ቤት ውስጥ የሚኖሩበት ከሆነ ደግሞ በእጅ የሚገባው ያንሳል፤ የራስን ኪራይ ማዳኑን ግን በሒሳቡ ማስገባት ነው።

ይህ ማለት ግዢው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ባንክ ያለው ብር የመግዛት አቅሙ ይወርዳል፤ መሀል ከተማ ያለ ቦታ ግን ዋጋውን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን «ኪራዩ ዕዳውን ይከፍለዋል» ብሎ ከባንክ ተበድሮ መግዛት እዚህ አይሠራም፤ የብድር ወለዱ ከኪራዩ በብዙ ይበልጣል። ያለ ብድር የሚገዛ፣ አሥር ዓመት ሊጠብቅ የሚችል ሰው ግዢ ነው።

ኪራዩን ከቱሪስት ጋር አያይዘው «ጌስት ሀውስ ይሆናል» የሚሉ ደላሎችን አትስሙ። እንግዳው በሁኔታው ይመጣል ይቀራል። አስተማማኝ ተከራይ መምህሩ፣ የሆስፒታሉ ባለሙያ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የገበያው ነጋዴ ነው፤ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ደግሞ የራሱ መጸዳጃ ያለው ንጹሕ ክፍል ነው። ከአራት ሰርቪስ በጋራ መጸዳጃ ይልቅ ሁለቱን አጣምሮ መጸዳጃ ያላቸው ሁለት ቤቶች ማድረግ ተከራዩን ያቆየዋል፤ የገቢ ልዩነቱም ጥቂት ነው።

የኪራይ ሕጉንም እወቁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል የለም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ጭማሪውም ባለሥልጣኑ በሚያወጣው ልክ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። አሁን ያሉትን ተከራዮች ይዘህ የምትገዛ ከሆነ ውላቸውን አስቀድመህ አንብብ። «ስትገዛ ይወጣሉ» የሚለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። እንዲወጡ የምትፈልግ ከሆነ ባዶ ሆኖ መረከብ በውሉ ይግባ።

ዓባይ ማዶን በተመለከተ፦ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድም ተለይቶለታል። በአሮጌው ድልድይ ጠዋትና ማታ የነበረው ጭንቅንቅ ማዶውን ያርቀው ነበር፤ አሁን ከማዶ እስከ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ድረስ በብስክሌት መመላለስ ለማንም ይቻላል። በተመሳሳይ ብር ሰፋ ያለ፣ በሊዝ የተያዘ፣ የቀበሌ ቤት የሌለበት ቦታ ማዶ ይገኛል። ነገር ግን ከድልድዩ ግራና ቀኝ ወንዙ ዳር ድረስ የወረደ ቦታ ከተባለ ተጠንቀቁ። ጣናና ዙሪያው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የወንዝና የሐይቅ ዳር ጥብቅ ቦታ በከተማው ፕላን ላይ ተለይቶ ስለሚታይ ፕላኑን ሳያዩ ወንዝ ዳር መግዛት ካርታ ቢኖርም ግንባታ ያስከለክላል። ጉማሬም ሌሊት ለግጦሽ ከውሃው ይወጣል፤ አጥር ይጥሳል፤ ይህን ልጆች ያላችሁ አስቡበት።

ኮንዶሚኒየም የሚሻለው ለማከራየት ብቻ ለሚገዛ፣ ጥገና መከታተል ለማይችል ሰው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ስለማይደርስ ኪራዩ ዝቅ ይላል፤ ምድር ቤት ደግሞ ሱቅ ይሆናል። የተገዛበትን የባንክ ዕዳ ያልጨረሰ ቤት ስም አይዞርም፤ ክሊራንሱን (ዕዳው ማለቁን የሚያሳየውን ወረቀት) አስቀድሙ። ጠያቂው ግን ጂ+1 ስለሚያስብ ኮንዶሚኒየም ለእሱ አይሆንም።

---

ከማርቆስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር አልጠበቅሁም። ሁለት ነገር ቀረ። ካርታው ላይ የቀበሌ ቤቷ በ220 ካሬው ውስጥ ከገባች ምን ይደረጋል? ሌላው፣ ከዋናው መንገድ አንድ መታጠፊያ ስለሚገባ የኮሪደር ልማት (የመንገድ ዳር ማስፋፊያ) አይነካውም ይላሉ፤ ይህን በምን ማረጋገጥ ይቻላል?

---

ሰነድ መርማሪ

በካርታው ውስጥ ከገባች ካርታው ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ስም ሲዛወር እንደገና ይለካና ስፋቱ ይቀነሳል። ስለዚህ ስሙ ከመዛወሩ በፊት ሻጩ ካርታውን ያስተካክል፤ ወጪውም ጊዜውም የሱ ነው። ዋጋውንም በካሬ አድርጋችሁ ተስማሙ። 9 ሚሊዮን ለ220 ካሬ ማለት በካሬ 40,900 ገደማ ነው። የቀበሌ ቤቷና የመተላለፊያዋ ድርሻ 25 ካሬ ሆኖ ቢወጣ ከዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይቀነሳል። በጥቅል ዋጋ ከፈረሙ ግን ይህ ክርክር የለም፤ የጠፋው የእርስዎ ነው።

በቀበሌ ቤቷ ከሚኖሩት ሰዎችም ጋር ከመግዛትዎ በፊት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። አብረው የሚኖሩት ለዓመታት ነው። መጸዳጃው ማን እንደሚያስመጥጠው፣ በር መቼ እንደሚዘጋ፣ ግንባታ ሲጀመር በየት እንደሚያልፉ አሁን ይታወቅ። እነሱን ለማስለቀቅ እችላለሁ ብሎ የሚሸጥልዎት ሰው ካለ አይመኑት፤ ያ ሥልጣን የቀበሌው ነው።

ኮሪደሩን የሚያረጋግጥልዎት የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ነው እንጂ ሰፈሩ አይደለም። የካርታውን ቁጥር ይዘው የፕላን ስምምነት ይጠይቁ። እሱ ላይ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የመንገድ መስፋፊያ ይነካው እንደሆነ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድና ከአጥር ስንት ሜትር መሸሽ እንዳለበት ይገኛል። እርስዎ ጂ+1 አስበው አካባቢው ከዚያ ከፍ ያለ ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ተቀምጦለት ከሆነ ፈቃድ አይሰጥዎትም፤ የጭቃ ቤቱን ለማደስም ይከለከሉ ይሆናል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ለልማት ሲነሣ ካሳ የሚሰላው ለቤቱና ለንብረቱ ነው፤ እርስዎ «መሀል ከተማ» በሚለው ስም የከፈሉት ትርፍ አይመለስም። በዚህ ግቢ ላይ ደግሞ ከ9 ሚሊዮኑ አብዛኛው ያ ነው፤ ቤቱ የጭቃ ነውና።

---

ዋልካና ጥቁር ድንጋይ

የፕላን ስምምነቱ ሲመጣ ከአጥር የሚሸሸውን ሜትር በካርታው ላይ በእርሳስ አስምረው እንጂ በቁጥር ብቻ አትለፈው። ከ220 ካሬ ላይ የቀበሌ ቤቷ፣ መተላለፊያዋ፣ ሴፕቲኩና የአጥር ርቀቱ ሲነሡ የሚቀረው ምናልባት 100 ካሬ ነው። ጂ+1ኛው በዚያ ላይ ደረጃውን ጨምሮ ይገባ እንደሆነ አርክቴክት በግማሽ ቀን ይነግርሃል። ጉድጓዱንም በዚሁ ሳምንት አስቆፍር፤ ዝናቡ ገና አላባራም፤ ከጥቅምት በኋላ የሚታየው ደረቁ ብቻ ነው።